የሙዚቃ ባንድ ለሚያስገባ ቤት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደርግ ዘመን፣ ሰዓት እላፊ በታወጀባቸው ዓመታት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ባንድ ሊሰማ የገባ ሰው እዚያው ያድር ነበር። በሩ ይዘጋል፣ ባንዱ ይጫወታል፣ እንግዳው ሲነጋ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሂልተን ዋልያስ ባንድን፣ ራስ ሆቴል አይቤክስ ባንድን፣ ግዮን ዳህላክ ባንድን ይዘው ነበር። "ይዘው" ያልኩት አስቤበት ነው። ባንዱ የቤቱ ነበር፤ እንግዳውም ቤቱን ሲጠራ ባንዱን አብሮ ይጠራ ነበር።

ዛሬ ብዙ ባለቤቶች ሐሙስ ማታ ተደዋውለው ዓርብ ባንድ ያስገባሉ። እኔ የድምፅ ባለሙያ ነኝ፤ ለዓመታት ከሚክሰር (ከድምፅ መቆጣጠሪያው) ጀርባ ቆሜ ሠርቻለሁ። ሲከፈቱ ያየኋቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፣ ሲዘጉ ያየኋቸውም እንዲሁ። ሙዚቃው መጥፎ ስለነበረ የተዘጋ ግን እምብዛም አላየሁም። የዘጋቸው በአብዛኛው ከታች የምዘረዝረው ነው፤ ሁሉም ሊቀር የሚችል ስለሆነ ያንገበግበኛል።

መድረኩን በመጨረሻ ማሰብ

ቤቱ ይታደሳል፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ ፊት ለፊቱ መስታወት ይሆናል፣ ባንኮኒው ያምራል። ሁሉም ካለቀ በኋላ "ባንዱ የት ይቁም?" ይባላል። የተረፈው ብዙውን ጊዜ የመጸዳጃ ቤቱ መተላለፊያ ያለበት ጥግ ነው። ድራመሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ሳክስፎን የሚነፋው ልጅ አስተናጋጅ ባለፈ ቁጥር መሣሪያውን ወደ ደረቱ ይሰበስባል።

ሴራሚክ፣ መስታወትና ቆርቆሮ ድምፅ አይውጡም፤ ይመልሳሉ። የሲምባሉ ድምፅ መስታወቱን መትቶ ተመልሶ ማይክ ውስጥ ይገባል። ድምፃዊቷ ራሷን ስለማትሰማ "ሞኒተር ጨምርልኝ" ትላለች፤ ሞኒተር ለተጫዋቾቹ የራሳቸውን ድምፅ የሚያሰማው ስፒከር ነው። ሞኒተሩ ሲጨመር ማይኩ ይጮኻል። ጊታሪስቱም በበኩሉ አምፑን ከፍ ያደርጋል፣ ቤዚስቱ ይከተለዋል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ እንግዶች አፋቸውን ጆሮ ላይ ደግነው ማውራት ይጀምራሉ፤ ከዚያ ሂሳብ ይጠይቃሉ። ባለቤቱ ወደ እኔ መጥቶ "ድምፁን አስተካክል" ይለኛል። ይህን የሚያስተካክል ሚክሰር የለም። የሚያስተካክለው ወፍራም መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ ከመድረኩ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ማልበስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሴራሚኩ ሳይገዛ በፊት አንድ የድምፅ ባለሙያ ጠርቶ ባዶው ክፍል ውስጥ እጁን እንዲያጨበጭብ ማድረግ ነው። አንድ ጭብጨባ ብዙ ይናገራል።

የሳውንድ ቼክ፣ ማለትም እንግዳ ሳይገባ ድምፁን የመሞከሪያ፣ ሰዓት መከልከልም ከዚሁ ስህተት ይመደባል። "ራት የሚበላ እንግዳ አለ፣ ረብሻ አልፈልግም" ይባላል። እንግዲያው ከቀኑ 9 ሰዓት ይደረግ። ሳይደረግ የቀረ እንደሆነ የመጀመሪያዎቹ አራት ዘፈኖች እንግዳው ፊት የሚደረጉ ሳውንድ ቼክ ይሆናሉ።

ጎረቤትን በክስ ማወቅ

አገራችን ባወጣችው የድምፅ ደረጃ በመኖሪያ አካባቢ የሚፈቀደው ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። በንግድ አካባቢ ደግሞ 65 እና 55። 45 ዴሲቤል በዝቅታ ከሚወራ ወሬ አይበልጥም። ክፍል ውስጥ የሚጫወት ሙሉ ባንድ ግን 100 መድረስ አይከብደውም። በዚህ መሃል ያለውን ልዩነት መሸከም ያለበት የቤቱ ግድግዳ፣ ጣሪያና በር ነው። በአዲስ አበባ የአካባቢ ጥበቃ ሰዎች ለክተው ሲያሽጉ ብዙ ባለቤት "ክፋት ነው፣ ምቀኛ ነው" ይላል። አንዳንዴ ምቀኛ ይኖር ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን እንቅልፍ ያጣች እናት ነች ያለችው።

ጎረቤት የሚደርሰው ድምፃዊው አይደለም፣ ቤዙና የድራሙ ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ነው። ቀጭኑን ድምፅ መጋረጃም ይቀንሰዋል፤ ወፍራሙ ግን ብሎኬቱን ራሱን እያንቀጠቀጠ ያልፋል። ስለዚህ ሰብዉፈሩን (የወፍራም ድምፅ ስፒከሩን) ከጎረቤት ጋር በሚጋሩት ግድግዳ ሥር አያስቀምጡ። ድራሙና ስፒከሩ በቀጥታ ወለሉን ከሚነኩ ከሥራቸው ወፍራም ጎማ ይነጠፍ። በሩን ድርብ ያድርጉት፤ አንዱ ሲከፈት ሌላው የተዘጋ ይሁን። በበሩና በጣሪያው ጠርዝ ያለች ጣት የምታስገባ ክፍተት የግድግዳውን ሥራ ሁሉ ከንቱ ታደርገዋለች።

ከዚያ፣ አንድ ቅዳሜ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ባንዱ እየተጫወተ ሳለ ወጥተው የጎረቤቱ መስኮት ሥር ይቁሙ። እዚያ የሰሙትን እነሱ በየሳምንቱ ሲሰሙት ያድራሉ። ስልክ ቁጥርዎንም ይስጧቸው፤ ለባለሥልጣን ከመደወላቸው በፊት ለእርስዎ የሚደውሉበት መንገድ ይኑር። በደወሉ ጊዜም ያንሱ።

ግድግዳ ላይ ስፖንጅ መለጠፍ

ከላይ ያለውን ችግር ለመፍታት ተብሎ የሚሠራው ስህተት ይህ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ፍራሽ ቤት የሚሸጠው ስፖንጅ ተገዝቶ ግድግዳና ጣሪያ ላይ ይለጠፋል። ቤዙን አያስቆምም። እሳት ግን ይወዳል።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በየካቲት 2003 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ዘ ስቴሽን በተባለ ክለብ ባንዱ መጫወት እንደጀመረ የተለኮሰው ርችት መድረኩ ዙሪያ የነበረውን ስፖንጅ አቀጣጠለና 100 ሰው ሞተ። ከአሥር ዓመት በኋላ በጥር 2013 በብራዚል ሳንታ ማሪያ ከተማ ኪስ የተባለው ክለብ እንዲሁ ሆነ፤ የባንዱ ርችት፣ ጣሪያው ላይ ስፖንጅ፣ ለሕዝቡ የማይበቃ መውጫ፤ 242 ሰው ሞተ። ብዙዎቹን የገደለው ነበልባሉ ሳይሆን ስፖንጁ ሲቃጠል የሚወጣው መርዛም ጭስ ነው።

እኛ ቤቶች ውስጥ ትልቅ ርችት የለም ይሉ ይሆናል። ለልደት ሻምፓኝ ጠርሙስ ላይ ተሰክታ እየተንቦገቦገች የምትዞረው አለች። እንግዳ ሳይከፍል እንዳይወጣ ተብሎ በሰንሰለት የታሠረ የጓሮ በርም በዓይኔ አይቻለሁ። ያንን ሰንሰለት የሰው ሂሳብ ቢቀርም ይፍቱት። በቀላሉ እሳት የማይዘው የድምፅ መከላከያ መግዛት አቅም ካልፈቀደ ደግሞ ባንዱ ዝቅ ብሎ ይጫወት እንጂ ስፖንጅ አይለጥፉ።

ሂሳቡን በቢራ ብቻ መሥራት

ለምሳሌ ያህል እናስላ። ባንዱ፣ ድምፃውያኑና የድምፅ ባለሙያው ተደምረው የአንድ ሌሊት ወጪያቸው 40,000 ብር ነው እንበል። ከአንድ ቢራ ላይ የሚተርፍዎት 50 ብር ቢሆን የባንዱን ብቻ ለመሸፈን 800 ቢራ መሸጥ አለብዎት። ቤትዎ 120 ሰው የሚይዝ ከሆነ፣ ሙሉ ሆኖ እንኳ እያንዳንዱ ሰው ወደ ሰባት ቢራ ይጠጣ ማለት ነው። ኪራይ፣ ደሞዝ፣ ግብር ገና አልተነኩም። ይህን ወረቀት ላይ ሳይሠሩ የሚገቡ ባለቤቶች ሦስተኛው ወር ላይ ባንዱ "ያከሰራቸው" ይመስላቸዋል።

መውጫው ባንዱን መቀነስ ብቻ አይደለም። መግቢያ ማስከፈል ነውር ሆኖ የሚታያቸው አሉ፤ ነገር ግን ለሙዚቃ የከፈለ ሰው ሙዚቃ ያዳምጣል። ወይም በሳምንት አራት ሌሊት ደካማ ከማቅረብ ሁለት ሌሊት ጥሩ ማቅረብ ይሻላል። ማክሰኞን ለሦስት ሰው ዝግጅት፣ ለክራር፣ ለማሲንቆ፣ ለአንድ ፒያኖ መስጠት ይቻላል። አዝማሪ ቤቶች ያለ ድራምና ያለ ትልቅ ስፒከር፣ ከእንግዳው ግጥም እየተቀበሉ ብቻ ቤት ሲሞሉ ኖረዋል።

የጾሙን ነገር አለማሰብም ያስገርመኛል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በየዓመቱ ይመጣል፤ ድንገተኛ አይደለም። ሆኖም ጾሙ ሲገባ ባንዱን "እስከ ፋሲካ ደህና ሁኑ" ብሎ የሚበትን ቤት ብዙ ነው። ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ጥሩዎቹ ድምፃውያን ለበዓል ዝግጅት አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም ዱባይ ሄደዋል፣ የቀሩት ሠርግ ላይ ናቸው። በጾሙ ወራት ግማሽ ክፍያ እየሰጡ ባንዱን አዲስ ሥራ እንዲለማመድ ማድረግ ለትንሣኤ ማግሥት የተዘጋጀ ባንድ ያስገኛል። አድርገውት የተሳካላቸውን አይቻለሁ።

በቃል መዋዋል፣ ሽልማቱንም ሳይነጋገሩ መተው

"ወንድሜ፣ እኛ መቼ እንጣላለን" ተብሎ ይጀመራል። ከዚያ ዝናብ የጣለበት ዓርብ ይመጣል፣ አሥር ሰው ይገባል፣ ባለቤቱ "ዛሬ አልሠራንም፣ ግማሽ ልስጣችሁ" ይላል። ቤዚስቱ ግን ሠርቷል። ለአሥሩም ሰው ሙሉውን ሌሊት ተጫውቷል፣ ለታክሲም ከኪሱ ይከፍላል። ለእኔም አንድ ቤት የሦስት ወር ደሞዜን ይዞብኝ ተዘግቷል፤ የምጠይቅበት አንድ ወረቀት እንኳ አልነበረኝም። ስንት ሰዓት፣ ስንት ጊዜ ዕረፍት፣ ራትና ትራንስፖርት በማን፣ ዝግጅቱ ቢሰረዝ ስንት ቀን ቀድሞ እንደሚነገር፤ አንድ ገጽ ይበቃል።

ሽልማቱ ደግሞ ለብቻው ይጻፍ። እንግዳ ተነሥቶ ድምፃዊው ግንባር ላይ ብር ሲለጥፍ ደስ የሚል ባህል ነው፤ ግን ያ ብር የማን ነው? የድምፃዊው ብቻ ከሆነ፣ ያቺን ዘፈን ሦስት ጊዜ እየመለሰ ሸላሚውን ያሞቀው ኪቦርዲስት አንገቱን ደፍቶ ይቀራል። ቤቱ ይካፈል ከተባለ ደግሞ ድምፃዊው ብሩን ኪሱ ይከታል። የቡድን መፍረስ መነሻው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ለድምፃዊው ይህን ያህል፣ ለባንዱ ይህን ያህል፣ ለቤቱ ምንም፤ እኔ የምመክረው ይህን ነው። ቤቱ ከሽልማት እጁን ካነሣ ክብሩም ይጨምራል።

መብራት

በአጭሩ፦ ጄኔሬተር መኖሩ አይበቃም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ከፍ ዝቅ የሚለው ኃይል ነው ሚክሰርና ኪቦርድ የሚያቃጥለው። ለመድረኩ ለብቻው መስመር ይዘርጉ፣ ስታቢላይዘር ይኑረው፣ ከፍሪጁና ከማብሰያው ጋር አይጋራ። መሬት ያልገባ መስመር ማይክ የያዘ ሰው ከንፈር ላይ ይነዝራል፤ ሊገድልም ይችላል።

የሌላውን ዘፈን ብቻ ማዘፈን

ባለቤቱ ወጣቷን ድምፃዊት "የራስሽን ተዪና የታወቀውን ዝፈኚ" ይላታል። እንግዳው የሚወደውን መስማት መፈለጉ እውነት ነው፤ እኔም የድሮውን እወዳለሁ። ግን ሁለት ነገር ይታሰብ። አንደኛ፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራን ለሕዝብ ማቅረብ የባለመብቱ መብት ነው፤ አዋጁ ከተሻሻለ ወዲህም ባለመብቶች በማኅበር ተደራጅተው ክፍያ የሚሰበስቡበት በር ተከፍቷል። "እስካሁን ክፍያ የጠየቀኝ የለም" ብሎ ሂሳብ መሥራት አያዋጣም። ሁለተኛ፣ ሁሉም ቤት ያንኑ ሃያ ዘፈን ካዘፈነ እንግዳው እርስዎ ቤት የሚመጣበት ምክንያት ፓርኪንጉ ብቻ ይሆናል። በየምሽቱ ሦስት የራሳቸውን ሥራ እንዲያቀርቡ ይፍቀዱላቸው። ከመካከላቸው አንዱ የታወቀ ቀን፣ መጀመሪያ የተሰማው እርስዎ ቤት ነው።

ማጨስን በዝምታ ማለፍም ከድምፃዊ ጋር የሚያጣላ ጉዳይ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነም መጠጥ አይሸጥም። ሕጉ ባይኖርስ? ለአራት ሰዓት በጭስ ውስጥ የሚዘፍን ጉሮሮ ስንት ዓመት ይቆያል?

ሁሉን ነገር ግድግዳው ላይ ማፍሰስ

ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው የሙዚቃ ቤት ጃዝ አምባ በጥር 2007 በእሳት ወደመ። ካዛንቺስ የነበረው አዝማሪ ቤት ፈንድቃ በ2017 አካባቢው ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። ስንቶቻችን ጆሯችንን ያቀናነው እነዚያ ቤቶች ውስጥ ነበር፤ ዛሬም በዚያ ሳልፍ ልቤን ይከብደኛል።

ባለቤት እሳትን በጥንቃቄ ሊያርቅ ይችላል፤ የከተማውን ፕላን ግን አያቆምም። አከራይም ቤቱ ሲሞቅ ኪራይ ይጨምራል። የኪራይ ውልዎ የአንድ ዓመት ሆኖ ሳለ የአሥር ዓመት ግንባታ አይገንቡ። መድረኩ በብሎን የሚፈታ ይሁን። የድምፅ ማልበሻውም እየተነቀለ የሚሄድ ይሁን። ገንዘብ ካለዎት በስፒከር፣ በማይክና በጥሩ ድራም ላይ ያውሉት፤ እነዚህ መኪና ላይ ይጫናሉ። የኪራይ ውሉ ላይ ባንድ የሚጫወትበት ቤት መሆኑ በግልጽ ይጻፍ፣ አከራዩ ኋላ "ሬስቶራንት ነበር ያልከኝ" እንዳይል። የእንግዶችዎንም ስልክ ይያዙ፣ ቤት ሲቀየር የት እንዳሉ የሚነግሩበት።

ባንዱን ደግሞ አስቀድመው ይያዙት። የፈንድቃው ባለቤት መላኩ በላይ ቤቱ ሲፈርስበት ባንዱ ኢትዮ ከለር አብሮት ነበር።