«ፈቃድ» የሚለው ቃል ሲያሳስት፦ ተጠባባቂ ወታደር የሆኑ የአየር መንገድ አብራሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ነሐሴ ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት በነበርኩበት ጊዜ አንድ ወጣት ሊጠይቀኝ መጣ። ወላጆቹ የሰላ ድንጋይ ሰዎች ናቸው። እሱ በልጅነቱ በዲቪ ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው አድጓል፤ ዛሬ በአንድ የመንገደኞች አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ሲሆን፣ በአየር ኃይሉ ተጠባባቂ ጦር (ወታደሮቹ የግል ሥራቸውን ሳይተዉ በየጊዜው እየሠለጠኑ፣ ሲጠሩ በሚያገለግሉበት) ውስጥ ደግሞ የማጓጓዣ አውሮፕላን ያበራል። እኔም ሁለቱን ሥራዎች ለብዙ ዓመታት አጣምሬ ስለሠራሁ፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ስልኩን አውጥቶ ለአለቃው ሊልክ ያዘጋጀውን መልእክት አሳየኝ። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ቢሆንም መንፈሱ ከእኛ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ የተቀዳ ነበር፦ «በመጪው ወር ለ12 ቀናት ወታደራዊ ሥልጠና ስላለብኝ፣ ሥራውን የማይጎዳ ከሆነ ፈቃድ እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።» «ጋሼ፣ አጻጻፉ ደህና ነው?» አለኝ። የዚህ ዓይነት መልእክት ከአገራችን ልጆች እጅ ደጋግሜ ስላየሁ፣ የምመክረውን በጽሑፍ ማስፈሩ ይሻላል ብዬ ወሰንኩ።

የመጀመሪያውና ከሁሉም የከፋው ስህተት ፈቃድ መጠየቅ ነው። በቋንቋችን በሕጋዊ መንገድ ከሥራ መቅረት ሁሉ «ፈቃድ» ይባላል፤ የዓመት ፈቃድ፣ የሕመም ፈቃድ፣ የወሊድ ፈቃድ እንላለን። ስለዚህ ቃሉ ገና ከአፋችን ሲወጣ ፈቃጅ የሆነ ሰው ከፊታችን ይቆማል። አባቴ መምህር ነበር፤ አንድ ቀን ለመቅረት እንኳ ማመልከቻውን በካርቦን ወረቀት በሁለት ቅጂ ጽፎ፣ «በትሕትና አመለክታለሁ» ብሎ ፈርሞ፣ ዳይሬክተሩ እስኪመሩበት ድረስ ሲጠባበቅ እያየሁ ነው ያደግሁት። ያ ሥርዓት በቦታው ተገቢ ነበር። የአሜሪካ ተጠባባቂ ወታደር ግን የሚተዳደረው በሌላ ሥርዓት ነው። እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1994 የወጣውና በአጭር ስሙ «ዩሴራ» የሚባለው፣ ለወታደራዊ አገልግሎት የሚሄዱ ሠራተኞችን የሥራ መብት የሚጠብቀው ሕግ ከሠራተኛው የሚፈልገው ማሳወቅን ብቻ ነው። ይህንንም ራሱ ወይም የጦር ክፍሉ ኃላፊ በቃልም ሆነ በጽሑፍ ሊፈጽመው ይችላል። አሠሪው «አልፈቀድኩም» የማለት ሥልጣን የለውም፤ «ተተኪ ፈልግና ሂድ» ማለትም አይችልም። ጊዜው አስቸግሮት እንደሆነ የጦር ክፍሉን አዛዥ ማነጋገር ይፈቀድለታል፤ አዛዡ ግን ቀኑን የመለወጥ ግዴታ የለበትም።

ታዲያ እርስዎ ሲጠይቁ ምን ይሆናል? ሕጉን ጠንቅቆ የማያውቀው አለቃ፣ እንደተጠየቀ ሰው፣ «በዚህ ወር ሰው የለንም፤ ለሚቀጥለው አዙረው» ይልዎታል። በክፋት ላይሆን ይችላል፤ እንቢ ማለት እንደሚችል ያሳወቁት እርስዎ ነዎት። ከዚያ በኋላ ይሉኝታ ይይዝዎታል፤ ወደ ጦር ክፍሉ ደውለው ሥልጠናውን ያስተላልፋሉ፤ በሚቀጥለውም ወር ያው ይደገማል። በዚህ ዓይነት ይሉኝታ ሦስት ወር ተከታታይ ሥልጠና ቀርቶበት፣ በጦሩ በኩል የበረራ ብቃት ጊዜው ያለፈበትና እንደገና ለመፈተን የተገደደ የመንዝ ልጅ አውቃለሁ፤ በሥራው ከማከብራቸው አብራሪዎች አንዱ ነው። ለወጣቱ እንግዳዬም መልእክቱን አብረን አስተካከልንለት፦ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በወታደራዊ ግዴታ ላይ ስለምሆን ለበረራ እንደማልገኝ አሳውቃለሁ። ግዴታዬን እንደፈጸምኩ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ከአክብሮት ጋር።» አክብሮቱ እንዳለ ነው፤ የወጣው ልመናው ብቻ ነው። ነገሩ ለአገራችን ሕግም ቢሆን እንግዳ አይደለም፤ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ብሔራዊ ጥሪ የሥራ ውልን ለጊዜው ከሚያግዱ ምክንያቶች መካከል ተቆጥሯል፤ መታገድ ደግሞ መቋረጥ አይደለም።

ሁለተኛው ስህተት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ መብት ነው ብሎ በመጨረሻው ሰዓት ማሳወቅ። የጦር ክፍሎች የወሩን ቅዳሜና እሑድ ሥልጠና ቀናት አብዛኛውን ጊዜ የዓመቱን በአንድ ላይ ያወጣሉ፤ የአየር መንገዱ የበረራ መርሐ ግብር ግን የሚደለደለው በየወሩ ነው። ስለዚህ የሚያውቁትን ቀን ድልድሉ ከመዘጋቱ በፊት ማስገባት እየተቻለ፣ መርሐ ግብሩ ከወጣ በኋላ የማይወዱትን ጉዞ በሥልጠና ስም ማስጣል ባልደረባን መበደል ነው። እርስዎ የተዉትን የገና ዋዜማ በረራ የሚሸፍነው አየር መንገዱ ድንገት ቢፈልገው ብሎ በተጠንቀቅ ያቆየው፣ ልጆቹን ሰብስቦ ቤቱ የተቀመጠ ሌላ አብራሪ ነው። ሕጉ የቀን ቁጥር ባይወስንም፣ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በተቻለ መጠን ቢያንስ 30 ቀን አስቀድሞ ማሳወቅን አጥብቆ ይመክራል። ድንገተኛ ጥሪ ሲመጣ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያኔ በሰዓታት ውስጥ ማሳወቅም ይበቃል።

ለሥልጠና ሲሄዱ «ታምሜአለሁ» ማለት ውሸት ነው፤ ሥራ ያሳጣል፤ በፍጹም አያድርጉት። የዓመት ዕረፍትን ለሥልጠና ማዋል ደግሞ በራስዎ ምርጫ ይቻላል እንጂ አሠሪው ሊያስገድድዎ አይችልም።

ሦስተኛው ስህተት ዕረፍትን መስረቅ ነው። ይህን የምጽፈው ራሴ ስላደረግሁት ነው። በረዳት አብራሪነት ዘመኔ፣ እሑድ ሌሊት ከጦር ክፍሌ ጋር ስበርር አምሽቼ፣ ቤቴ የገባሁት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነበር። ሰኞ ማለዳ ደግሞ የመንገደኞች በረራ ነበረኝ። ቀሪ ተብሎ ስሜ እንዳይነሣ ፈርቼ፣ ሦስት ሰዓት ያህል ተኝቼ ሄድኩ። አውሮፕላኑ ከበሩ ለቆ ወደ ማኮብኮቢያው ሲያመራ ተቆጣጣሪው የሰጠንን መመሪያ መልሼ አነበብኩለት፤ ነገር ግን በበረራ ቁጥራችን ፈንታ ትናንት ማታ ያበረርኩትን የጦር አውሮፕላን የጥሪ ስም ጠራሁ። በሬዲዮው ላይ ጸጥታ ሆነ። ካፒቴኑ አውሮፕላኑን አቁሞ የፍሬኑን ማሰሪያ ሳበና ፊቴን እያየ፣ በዝግታ፣ «ስንት ሰዓት ተኛህ?» ሲል ጠየቀኝ። እውነቱን ነገርኩት። ተመለስን፤ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ተተካ፤ መንገደኞቹም ዘገዩ። ያ ካፒቴን ያን ዕለት ስላልጮኸብኝ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ሕጉ ለዚህ ቦታ ትቶለታል፤ ከ31 ቀን ላነሰ አገልግሎት፣ በደኅና ቤትዎ ከደረሱ በኋላ 8 ሰዓት አርፈው በሚቀጥለው መደበኛ የሥራ ጊዜ መቅረብ ይችላሉ። የሲቪል አቪዬሽኑ ደንብም ከበረራ ግዴታ በፊት የ10 ሰዓት ዕረፍት እንዲኖር፣ በዚያ ውስጥም ለ8 ሰዓት ያልተቋረጠ እንቅልፍ ዕድል እንዲሰጥ ያዛል፤ አብራሪውም ለበረራ ብቁ መሆኑን አስቀድሞ ራሱ ያረጋግጣል። በዚያ ማለዳ «ብቁ ነኝ» ብዬ ያረጋገጥኩት እኔ ነበርኩ።

አራተኛው የመመለሻውን ቀን ማምታታት ነው፤ በዚህም ተቀጥቻለሁ። ከ31 እስከ 180 ቀን ላገለገለ ሰው ወደ ሥራ ለመመለስ ማመልከቻ የሚያቀርብበት ጊዜ 14 ቀን ነው፤ ከ180 ቀን በላይ ላገለገለ ደግሞ 90 ቀን። እኔ አራት ወር አገልግዬ ስጨርስ 90ውን ለራሴ አድርጌ ቆጠርኩ። እናቴ አሟት ስለነበር በቀጥታ ወደ ደብረ ብርሃን መጣሁ፤ ጥምቀትን አብሬያት አሳልፌ፣ ለአየር መንገዱ የጻፍኩት በ22ኛው ቀን ነበር። ቀኑ ስላለፈ ብቻ ወደ ሥራ የመመለስ መብት አይጠፋም፤ ነገር ግን ያለፈው ጊዜ እንደ ማንኛውም መቅረት በድርጅቱ የሥነ ምግባር ደንብ ይታያል። የተሰጠኝ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም አግባብ ነበር። አንዲት ኢሜይል ከእናቴ አልጋ አጠገብ ሆኜ መጻፍ እችል ነበር። ከረጅም ግዳጅ በኋላ አገር ቤት ለመምጣት የሚያስቡ ሁሉ ቲኬቱን ከመቁረጣቸው በፊት ማመልከቻውን ያስገቡ።

ከረጅም ግዳጅ ሲመለሱ በቀጥታ መሪው ላይ ለመቀመጥ መጣደፍም አያስፈልግም። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ያላረፈ አብራሪ መንገደኛ ከመጫኑ በፊት ብቃቱን ማደስ አለበት፤ አሠሪውም መልሶ ለማብቃት ተገቢውን ጥረት የማድረግ ግዴታ አለበት። በሌሉበት ጊዜ የካፒቴንነት ተራ ደርሶዎት እንደሆነም ያጣሩ። የሕጉ መርህ ሠራተኛው ሳይሄድ ቢቆይ ኖሮ በደረሰበት ደረጃ ላይ እንዲመለስ ነው፤ ዕድገቱ በቅጥር ዘመን ቅደም ተከተል በሚተዳደር ሥራ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አምስት ዓመቱን አለመቁጠር ሌላው ስህተት ነው። በአንድ አሠሪ ዘንድ ይህ መብት የሚጠበቀው በድምሩ እስከ 5 ዓመት ለሚደርስ አገልግሎት ነው። የወሩ ቅዳሜና እሑድ ሥልጠናና የዓመቱ ሁለት ሳምንት አይቆጠሩም፤ በግዴታ የሚደረግ ጥሪም እንዲሁ። በፈቃደኝነት የሚገቡባቸው ረጃጅም ግዳጆች ግን ሊቆጠሩ ስለሚችሉ፣ ከአምስት ዓመቱ ቆጠራ ነጻ መሆናቸው በትእዛዙ ላይ መጻፉን ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡ።

ስለ ገንዘብ ወጣቶቹ ማውራት ያፍራሉ። ማፈር የለባቸውም። ወደ ሥራ ሲመለሱ በሌሉበት ጊዜ ሊገባልዎት ይገባ የነበረውን የጡረታ መዋጮ አሠሪው ያሟላል፤ የራስዎን ድርሻ ለመተካት ደግሞ ያገለገሉበትን ጊዜ ሦስት እጥፍ፣ ቢበዛ እስከ 5 ዓመት ድረስ አለዎት። የቤተሰብ የሕክምና መድኅን እስከ 24 ወር ሊቀጥል ይችላል፤ ከ31 ቀን ላነሰ አገልግሎት የሚከፍሉት ሁልጊዜ የሚከፍሉትን ያህል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ መቀመጫው ቺካጎ የሆነው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ አሠሪ ለሌሎች ተመሳሳይ አጫጭር መቅረቶች ደመወዝ የሚከፍል ከሆነ ለአጭር ወታደራዊ ግዴታም ይኸው ጥቅም ሊጠየቅ እንደሚችል ወስኗል።

የመጨረሻው ስህተት ሁሉን በቃል መተው ነው። ሕጉ የቃል ማሳወቂያን ቢቀበልም፣ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶቻችን አባባል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። በስልክ ካሳወቁ በኋላ ያንኑ በሁለት መስመር ኢሜይል ይድገሙት፤ የትእዛዞቹን ቅጂም በዓመት በዓመት ለይተው ያስቀምጡ። አለመግባባት ከተነሣ ወደ ጠበቃ ከመሮጥ በፊት፣ አሠሪዎችንና ተጠባባቂ ወታደሮችን ለማግባባት እ.ኤ.አ. በ1972 በመከላከያ ሚኒስቴሩ ሥር የተቋቋመው ቢሮ ያለ ክፍያ ሽማግሌ ሆኖ ይገባል፤ ብዙው ጉዳይ እዚያው ያልቃል። ካላለቀ አቤቱታው ለሠራተኛ ሚኒስቴሩ ይቀርባል። በሁለቱም ቦታ መጀመሪያ የሚጠየቁት ያሳወቁበትን ቀንና የትእዛዙን ቅጂ ነው።