መታ መታ ካላደረጉት የማይበራ የእጅ ባትሪ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

መብራት ሲጠፋ አብዛኛው ሰው ስልኩን ያበራል። እኔ ግን ኪሴ ውስጥ ሁልጊዜ አውራ ጣት የምታክል የእጅ ባትሪ አለች። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ለምን ብሎ አይጠይቀኝም። በአንድ እጅ ጀሪካን፣ በሌላው ስልክ ይዞ በጨለማ ደረጃ መውጣት ምን እንደሚመስል ያውቀዋል።

ይህን ፍቅሬን የሚያውቁ ዘመድ ጎረቤቶች የተበላሸ ባትሪያቸውን ወደ እኔ ያመጣሉ። "ሞቷል፣ ልጣለው ወይስ ይሠራል?" ይሉኛል። ከፍቼ ሳየው አብዛኛው አልሞተም። የሆነ ቦታ ላይ ብረት ከብረት ጋር በደንብ አልተነካካም፣ በቃ። ስፈታ ስገጥም አንድ ነገር ገባኝ። የባትሪን ጥራት ካርቶኑ ላይ አትፈልጉት። መገጣጠሚያዎቹ ላይ ነው ያለው። ብልሽቱም ራሱ እየመራ ወደዚያው ይወስዳችኋል።

ግራ እንዳንጋባ፦ እዚህ "ባትሪ" ስል መብራቱን ነው። ውስጡ የሚገባውን "ድንጋይ" እለዋለሁ፣ የሚሞላውንም ጭምር።

ሲነካካ ይበራል፣ ሲነቀነቅ ይጠፋል

ይህ የብልሽቶች ሁሉ አባት ነው። ሁላችንም የምናውቀው "ሕክምናም" አለው፦ መዳፍ ላይ መታ መታ ማድረግ። መምታት ግን ችግሩን ለአንድ ምሽት ያስታግሳል እንጂ አያድንም።

መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ በየት እንደሚሄድ እንወቅ። ከድንጋዩ ፖዘቲቭ ጫፍ ተነስቶ ጭንቅላቱ ውስጥ ወዳለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳና ብርሃኑን ወደሚሰጠው ኤልኢዲ ይሄዳል። ከዚያ በአልሙኒየሙ ቱቦ በኩል ወደ ኋላ ክዳን ይመለሳል። በማብሪያ ማጥፊያውና በሞላው አልፎ ወደ ድንጋዩ ኔጋቲቭ ጫፍ ይገባል። አስተውሉ፣ የባትሪው ቱቦ ራሱ ሽቦ ነው። ስለዚህ የክዳኑ ጥርስ ሲቆሽሽ ወይም ሲላላ ሽቦ እንደተቆረጠ ቁጠሩት።

አሁን ጥፋቱ ፊት ነው ወይስ ኋላ? ማብሪያው ክዳኑ ላይ ለሆነ ባትሪ ይህን ሙከራ በጣም እወደዋለሁ። የኋላ ክዳኑን ፍቱ፣ ድንጋዩ ውስጥ ይቆይ። አጭር ሽቦ ወይም የወረቀት ማያያዣ ክሊፕ ውሰዱ። አንዱን ጫፍ የድንጋዩ ጠፍጣፋ ታች ላይ፣ ሌላውን የቱቦው ጠርዝ ላይ ቀለም የሌለበት ብረት ላይ አስነኩ። ሳይርገበገብ ቀጥ ብሎ ከበራ ጭንቅላቱ ጤነኛ ነው፣ ሕመሙ ክዳኑ ውስጥ ነው። ካልበራ ወይ ድንጋዩ አልቋል ወይ ችግሩ ፊት ለፊት ነው። አሥር ሰከንድ የማይፈጅ ሙከራ ነው፣ ስንቱን ባትሪ ከቆሻሻ መጣያ አድኗል።

ክዳኑ ከሆነ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። የቱቦውን ጠርዝና ጥርሱን በአልኮል በራሰ ጥጥ ጥረጉ። የሚነካካውን ብረት በላጲስ ፈግፍጉት፣ የደበዘዘው ብረት ሲያብረቀርቅ ታዩታላችሁ። ካልሆነ ክዳኑን ውስጡን እዩ። ሁለት ትናንሽ ቀዳዳ ወይም ጎድጎድ ያለ ቦታ ያለው የብረት ቀለበት አለ። ማብሪያውን አጥብቆ የሚይዘው እሱ ነው፣ በአጠቃቀም ብዛት ይላላል። የወረንጦ ሁለት ጫፍ አስገብታችሁ ወደ ቀኝ አጥብቁት። በመጨረሻ ሞላውን ተመልከቱ። ተጨፍልቆ ካጠረ ቀስ አድርጋችሁ ሳብ አድርጉት።

አክስቴ ለኪዳን ማለዳ ስትወጣ የምትይዛት ባትሪ እንዲህ ነበረች። "ሁለቴ መታ ካደረግኳት ትበራለች፣ ተላምደናል" ትለኝ ነበር። ስከፍታት የጥርሱ ቦይ በሙሉ በጥቁር ጭቃ ተሞልቷል። ጥርስ ከጥርስ ሲፋጭ የተነሳ የአልሙኒየም ብናኝና ያረጀ ግሪስ ነው። የመጀመሪያው ጥጥ እንደ ኩል ጠቁሮ ወጣ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። አራተኛው ነጭ ሲወጣ ቀለበቱን ግማሽ ዙር አጠበቅኩት። ከዚያ ወዲህ መዳፏ አርፏል።

ይሄ ሁሉ የሚሠራው ግን ክዳኑ እንዲፈታ ሆኖ ከተሠራ ነው። በብረት ቀለበት የታሰረ ማብሪያ ማለት ሠሪው አንድ ቀን ሰው ይጠግነዋል ብሎ አስቧል ማለት ነው። ማብሪያው በፕላስቲክ ተወጥሮ ወይም በሙጫ ተጣብቆ ከሆነ ሲሞት አብሮት የሚሞት ባትሪ ገዝታችኋል። ስትገዙ ክዳኑን ከፍታችሁ ይህን ብቻ ብታዩ ይበቃል እላለሁ።

ችግሩ ፊት ከሆነስ? ጭንቅላቱ ውስጥም ሰሌዳውን የሚይዝ ተመሳሳይ ቀለበት ብዙ ጊዜ አለ፣ አጥብቁት። ባትሪውን ያለ ድንጋይ ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁ ስትነቀንቁት ከተንኳኳ የላላው እሱ ነው። ከስታኞው የለቀቀ ቀጭን ሽቦ ካያችሁ ደግሞ ለሬዲዮ ጠጋኝ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ስትከፍቱት ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት

ድንጋዩ ፈስሷል። እዚህ ላይ ጓንት አድርጉ፣ ዱቄቱን እፍ አትበሉት፣ ዓይናችሁንም ጠብቁ።

ማጽጃው እንደ ድንጋዩ ዓይነት ይለያያል። ላዩ ላይ "አልካላይን" ካለ የፈሰሰው ጠንካራ አልካሊ ነው። በጥጥ ላይ አቼቶ ወይም ሎሚ ጠብ አድርጋችሁ ስትነኩት ሽሽ ብሎ ይሟሟል። "ሄቪ ዲዩቲ" የሚለው ርካሹ ድንጋይ ግን ዚንክ ካርቦን ነው። እሱ የሚያፈሰው ወደ አሲድ ያደላል፣ ስለዚህ ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ በጥብጣችሁ ጥረጉት። ሁለቱም ላይ በመጨረሻ በአልኮል አጽድታችሁ በደንብ አድርቁ።

ርካሹ ለምን ቶሎ ይፈሳል? የዚንኩ ቆርቆሮ መያዣም ነው፣ ነዳጅም ነው። ኃይል በሰጠ ቁጥር ራሱ እየተበላ ይሳሳል። አልቆ ባትሪው ውስጥ ሲረሳ ይቀደዳል። ስለዚህ ለወራት የማትነኩትን ባትሪ ድንጋዩን አውጥታችሁ አስቀምጡ። አሮጌና አዲስ አትቀላቅሉ፣ ጠንካራው ደካማውን እያሟጠጠ እንዲፈስ ያደርገዋል።

ድንጋዩ አብጦ ከተጣበቀ በመዶሻ አትምቱት፣ በመሰርሰሪያም አትንኩት። ቱቦውን ገልብጣችሁ እንጨት ላይ ቀስ እያላችሁ ምቱ። አልካላይን ከሆነ በጠርዙ አቼቶ ጠብ አድርጋችሁ አሳድሩት። አልካሊው አልሙኒየም ስለሚበላ የቱቦው ጥርስ ተሸርሽሮ ካገኛችሁት ግን አትልፉ። እሱ አይመለስም።

እኔ ስገዛ አንድ ሙከራ አደርጋለሁ። አዲስ ድንጋይ አስገብቼ ቱቦውን እገለብጣለሁ። በራሱ ክብደት ተንሸራቶ መውጣት አለበት። በጥፍር ጎትቼ ካወጣሁት ያ ቱቦ ጠባብ ነው፣ ድንጋዩ ትንሽ ካበጠ ለዘለዓለም ይይዘዋል።

እንደ ፀሐይ በርቶ ወዲያው የሚደበዝዝ

ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም። ጥሩ ባትሪ በከፍተኛው ብርሃን ሲሠራ ይሞቃል፣ ከዚያም ራሱን ለመጠበቅ ይቀንሳል። አጥፍታችሁ ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል መልሳችሁ አብሩት። በሙሉ ኃይሉ ከበራ ጤነኛ ነው። ካልበራ አዲስ ወይም የተሞላ ድንጋይ ሞክሩ።

መሞቁን አትፍሩት። ከኤልኢዲው የተነሳው ሙቀት ወደ ገላው እየወጣ ነው ማለት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ በኃይል እየበራ አንገቱ ቀዝቃዛ የሆነ ባትሪ ነው። ሙቀቱ ውስጥ ታፍኗል፣ ኤልኢዲው እየተቀቀለ ነው። ብርሃኑ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየደከመ ወደ ሰማያዊ ካደላ ይህን ጠርጥሩ። ፈውስ የለውም፣ በዝቅተኛው ብርሃን መጠቀም ዕድሜውን ያራዝመዋል።

ካርቶኑ ላይ ስላለው ቁጥር አንድ ነገር ልበል። ኤኤንኤስአይ ኤፍኤል1 የሚባል የአሜሪካ መለኪያ ከ2009 ጀምሮ አለ። ሉመኑ፣ ማለትም የብርሃኑ መጠን፣ የሚለካው ከበራ ከ30 ሰከንድ በኋላ ነው። "3 ሰዓት ይሠራል" ማለትም ብርሃኑ ወደ አንድ አሥረኛ እስኪወርድ ያለው ጊዜ ነው። ይህን ምልክት የያዘ ካርቶን ቢያንስ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ይታወቃል። ምልክት የሌለው "100,000 ሉመን" ግን ወሬ ነው።

ድንጋዩም ይዋሻል። 18650 የሚባለው የሚሞላ ድንጋይ ስሙ መጠኑ ነው፦ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። በዚህ መጠን ጥሩ የሚባለው ከ3500 እስከ 4000 ሚሊአምፒር ሰዓት አካባቢ ይይዛል። 9900 የሚል ካያችሁ ፎርጅድ ነው። ኦርጅናሉ ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። ፎርጅዱ ብዙ ጊዜ በእጅ ሲያዙት እንኳ ቀለል ይላል።

ሌላም አለ። 14500 የሚባለው ድንጋይ ከተራው ዳብል ኤ ጋር በመጠን አንድ ነው። ቮልቱ ግን 3.7 ነው፣ የተራው 1.5። ለ1.5 የተሠራ ባትሪ ውስጥ ሲገባ አንዴ ብልጭ ብሎ ሊቃጠል ይችላል። ከመክተታችሁ በፊት ቮልቱን አንብቡ።

ቻርጅ አልቀበልም ሲል

ታይፕ ሲ ቀዳዳ ያለው ባትሪ በአዲሱ የስልክ ቻርጀር አልሞላ ካለ ገመዱን እዩት። ሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ ከሆነ ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ቻርጀር ኃይል ከመልቀቁ በፊት ማዶ ያለውን ዕቃ ያጣራል። ባትሪው መልስ የሚሰጠው ሬዚስተር በሚባሉ ሁለት ጥቃቅን የሰሌዳ ክፍሎች ነው፣ እያንዳንዳቸው 5.1 ኪሎኦም። ከሳንቲም ያነሰ ዋጋ ያላቸውን እነዚህን የዘለለ ሠሪ ብዙ ነው። አንድ ጫፉ ሰፊው አሮጌ ዩኤስቢ በሆነ ገመድ ሰክታችሁ ሞክሩ፣ ወዲያው ይቀበላል። ባትሪው አልተበላሸም። ግን እዚህ የቆጠበ ሰው ሌላ ቦታም ሳይቆጥብ አይቀርም።

ከግድግዳ ሶኬት ላይ በራሱ እግር የሚሰካው ዓይነት ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ ውስጣቸው ትራንስፎርመር የለም። 220ውን ቮልት የሚቀንሱት በካፓሲተር ነው። በዚህ አሠራር ውስጡ ያለው ብረት ከግድግዳው የኤሌክትሪክ መስመር ጋር የተያያዘ ነው። እባካችሁ እንደተሰካ አትክፈቱት፣ የተሰነጠቀውንም አትሰኩ፣ ልጆች ከሚደርሱበት አርቁት። ከወር ሁለት ወር በኋላ "አይዝም" የሚባለው ውስጡ ያለው የእርሳስ ድንጋይ ባዶውን ስለሚቀመጥ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ድንጋይ ባዶ ሆኖ መክረም አይችልም። በተጠቀማችሁ ቁጥር ወዲያው ሙሉት፣ ባትጠቀሙበትም በወር አንዴ።

መስታወቱ ከውስጥ ሲያልበው

ውሃ ገብቷል። ድንጋዩን አውጡ፣ ከፋፍታችሁ አየር ያለበት ቦታ አሳድሩ። ከዚያ ጥርሱ ግርጌ ያለውን የጎማ ቀለበት፣ ኦሪንጉን፣ እዩ። ከተሰነጠቀ ወይም ከተጨፈለቀ ቀይሩት። ደህና ከሆነ ትንሽ የሲሊኮን ግሪስ ቀቡት። የምግብ ዘይት አትቀቡ፣ ውሎ አድሮ ይደርቅና ሙጫ ይሆናል። ቫዝሊንም አንዳንዱን ጎማ ያሳብጣል።

ጭንቅላቱ እየተሳበ ብርሃኑን የሚያጠብና የሚያሰፋ ባትሪ ግን ቢቀባም አይድንም። በሳባችሁት ቁጥር እንደ ወናፍ አየር ያስገባል፣ ከአየሩ ጋር አቧራና እርጥበት። ውሃ አይገባውም ለሚባል አይፒኤክስ7 የሚለውን ፈልጉ። አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ማለት ነው።

ኪስ ውስጥ ራሱን አብርቶ መገኘት

ስትፈልጉት ድንጋዩ አልቋል፣ ኪሳችሁም ሞቋል። መንስኤው ወጣ ያለ ማብሪያ ነው። መፍትሄው ቀላል ነው፦ ኪስ ወይም ቦርሳ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት የኋላ ክዳኑን ሩብ ዙር አላሉት። ያ የሽቦውን መንገድ ይቆርጠዋል።

ይህ የሚሠራው ጥርሱ ቀለም ከተቀባ ነው። ቀለም የሚመስለው ሽፋን አኖዳይዝ ይባላል፣ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ክዳኑና ቱቦው የሚገናኙት ባልተቀባው ጠርዝ ብቻ ነው። ጥርሱ ያልተቀባ ከሆነ ግን አላልታችሁትም ይበራል። ሱቅ ውስጥ የምሞክረውም ይሄንኑ ነው። ባትሪውን አበራለሁ፣ ክዳኑን ሩብ ዙር እፈታለሁ። ከጠፋ ዋጋውን እጠይቃለሁ።