የክፍል ምልከታና የግምገማ ውይይት በኮምፒውተር ሲመራ፦ ችግሮችና መፍትሄያቸው

የክፍል ምልከታን፣ ማለትም መምህር ሲያስተምር ክፍል ገብቶ የማየትን፣ መርሐ ግብር ከወረቀት ወደ ጎግል ካላንደር፣ ወደ ጎግል ሺትስና ወደ ጎግል ፎርምስ ያዛወሩ ትምህርት ቤቶች አሉ። የትምህርት ቤት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር የገዙትም ቢሆኑ ውስጡን ሲከፍቱት የሚያገኙት ያንኑ ነው፤ የቀጠሮ መዝገብ፣ የነጥብ ሠንጠረዥና የመመዘኛ ቅጽ። ከዚህ በታች ያሉት ርዕሰ መምህራንን፣ ምክትሎቻቸውንና የትምህርት ክፍል ተጠሪዎችን የሚያስቸግሩ ጉዳዮች ናቸው። አንዱን ብቻ ለማንበብ ጊዜ ካለዎት፣ ተቆጥቶ ስለሚመጣው መምህር የተጻፈውን ያንብቡ።

የቀጠሮው ማስታወሻ በሌሊት ይጮኻል

ምክንያቱ የሰዓት አቆጣጠራችን ነው። ምክትል ርዕሰ መምህሩ የጠዋቱን 3 ሰዓት አስቦ 3:00 ብሎ ይጽፋል፤ ካላንደሩ ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት አድርጎ ይይዘዋል። በቀን ሰዓት ላይ 6 ይደምሩ፦ የጠዋቱ 3 ሰዓት 9:00፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ደግሞ 14:00 ይሆናል። ካላንደሩን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ማድረግ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ እንዳይምታቱ ይረዳል። በቀጠሮው ርዕስ ላይም ክፍለ ጊዜውን ይጻፉ። «3ኛ ክፍለ ጊዜ፣ 8ኛ ለ፣ ሒሳብ» የሚል ቀጠሮ ሰዓቱ ቢሳሳት እንኳን ማንንም አያሳስትም።

ልዩነቱ 6 ሰዓት ካልሆነ የሰዓት ቀጠናውን ይመልከቱ። የአዲስ አበባ ወይም የናይሮቢ ሰዓት መመረጥ አለበት፤ ሁለቱም ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ይቀድማሉ።

የምልከታ ቀኖቹ በቅደም ተከተል አይደረደሩም

ይህ ችግር ብዙ ሰው ሶፍትዌሩ ተበላሽቷል ብሎ እንዲያስብ ያደርጋል። የጥቅምት ምልከታዎች ተመዝግበው ሠንጠረዡ በቀን ሲደረደር፣ ሁለት ሦስቱ ከቦታቸው ወጥተው መጨረሻ ላይ ይቀመጣሉ። ዓምዱን ልብ ብለው ቢያዩት፣ የወጡት ወደ ግራ ተጠግተው የተጻፉ ሲሆኑ ሌሎቹ ወደ ቀኝ የተጠጉ ናቸው። ወደ ቀኝ የተጠጋውን ኮምፒውተሩ ቀን ብሎ ተቀብሎታል፤ ወደ ግራ የተጠጋውን እንደ ተራ ጽሑፍ ቆጥሮታል።

ለምን? ጥቅምት 30 ቀን 2018 ሲጻፍ 30/02/2018 ይሆናል። ሠንጠረዡ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለም ብሎ ይተወዋል። ጥቅምት 29ም እንዲሁ ነው። ቀኑን ከወሩ አስቀድሞ የሚያነብ ሠንጠረዥ 13ኛ ወር ስለሌለው ጳጉሜንን ጭራሽ አይቀበልም። የተቀበላቸውም ቢሆኑ አስተማማኝ አይደሉም፦ ሠንጠረዡ በአሜሪካ አጻጻፍ ከተስተካከለ ኅዳር 5ን ሜይ 3 ያደርገዋል። ከኅዳር 30 እስከ ታኅሣሥ 1 ያለውን ልዩነትም ሁለት ቀን ብሎ ያሰላዋል፤ እርሱ የሚቆጥረው 31 ቀን ያለውን ማርች ነውና። «ግብረ መልስ በስንት ቀን ውስጥ ተሰጠ» የሚለውን በቀመር የሚከታተል ትምህርት ቤት በዚህ ምክንያት የተሳሳተ ሪፖርት ያወጣል።

መፍትሄው ሁለት ዓምድ ነው። በአንዱ የአውሮፓውያኑን ቀን ያስገቡ፤ መደርደሪያውም ማስሊያውም እርሱ ይሁን። በሁለተኛው የእኛን ቀን ለሰው ዓይን ይጻፉ። ነገር ግን አስቀድመው ዓምዱን ወደ ተራ ጽሑፍ ይለውጡት፤ ከተጻፈ በኋላ መለወጥ የተዛባውን አይመልስም። አንድ ዓምድ ብቻ መያዝ ግድ ከሆነ ዓመቱን አስቀድመው 2018-02-30 ብለው ይጻፉት። ዓምዱ በሙሉ አስቀድሞ ወደ ተራ ጽሑፍ ከተለወጠ በትክክል ይደረደራል።

የመምህሩ ስም አለ፣ ውጤቱ ግን አይገኝም

አንዱ ዘንድ «ፀሐይ»፣ ሌላው ዘንድ «ጸሀይ» ተብሎ ተጽፏል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት። ሠንጠረዦችን በስም ማገናኘት ይተዉና ለእያንዳንዱ መምህር የመለያ ቁጥር ይስጡ።

አማካዩ ከሚጠበቀው በታች ይወርዳል

ተመልካቹ ያላየውን መስፈርት በ0 ሞልቶታል። 4፣ 4፣ 3፣ 4 እና 0 ሲደመሩ 15 ናቸው፤ ለ5 ሲካፈሉ 3 ይሆናሉ። የመጨረሻው ሣጥን ባዶ ቢተው ግን ሠንጠረዡ ለ4 አካፍሎ 3.75 ይሰጥ ነበር። በዚያ ክፍለ ጊዜ የቡድን ሥራ ስላልነበረ ብቻ የመምህሩ ነጥብ መቀነሱ ፍትሐዊ አይደለም። በቅጹ ላይ «አልታየም» የሚል ምርጫ ያስገቡ፤ 0 የሚባለውን ቁጥር ከምርጫው ያስወጡት።

መምህሩ ወደ ውይይቱ የሚመጣው ተቆጥቶ ነው

ተመልካቹ ከክፍል ሲወጣ ቅጹን ሞልቶ ይልካል። ቅጹ ቅጂውን ወዲያው ለመምህሩ እንዲያደርስ ተደርጎ ከተሠራ፣ መምህሩ በእረፍት ሰዓት ስልኩን ሲከፍት «የተማሪ ተሳትፎ፦ 2» የሚል ያነባል። በማግሥቱ ለውይይት ሲቀመጡ ስለ ትምህርቱ የሚነጋገር የለም፤ ክርክሩ ስለ 2 ነው። ይህን ከባድ ጉዳት ብዬ እቆጥረዋለሁ፤ ምልከታ የሚደረገው መምህሩ የራሱን ክፍል በሌላ ዓይን እንዲያይ ነውና።

ክሊኒካል ሱፐርቪዥን የሚባለውን፣ መምህሩን በክፍሉ እያዩና ከእርሱ ጋር እየተነጋገሩ የማገዝ አሠራር፣ የትምህርት ባለሙያው ሞሪስ ኮጋንና ባልደረቦቹ በሃርቫርድ ሲያዳብሩት ከመምህሩ ጋር መነጋገርን ከምልከታው በፊትም በኋላም ያስቀመጡት በምክንያት ነበር። ሶፍትዌሩ ይህን ቅደም ተከተል ማፍረስ የለበትም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቅጹ በራሱ የሚልከውን ቅጂ ያጥፉ። ቀጥሎ ቅጹን ለሁለት ይክፈሉት። የመጀመሪያው ነጥብ የሌለበት፣ የታየውና የተሰማው ብቻ ከነደቂቃው የሚጻፍበት ይሁን። «ተማሪዎችን አታሳትፍም» የሚለው ፍርድ ነው። «በ40 ደቂቃ ውስጥ 12 ጥያቄ ጠየቀች፤ 9ኙን የመለሱት የፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ ተማሪዎች ናቸው» የሚለው ግን ማስረጃ ነው፤ መምህሯም ራሷ «ከኋላ ያሉትን ረስቻቸዋለሁ» ብላ ልትጀምር ትችላለች። ይህ ማስረጃ ከውይይቱ በፊት ቢደርሳት መልካም ነው። ነጥብ ያለበት ሁለተኛው ቅጽ ከውይይቱ በኋላ፣ ሁለቱም በተቀመጡበት ይሞላ።

በካላንደሩ ላይ አንድ ሳይሆን ሦስት ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ይያዙ፦ የዕለቱን ትምህርት ዕቅድ አብሮ ለማየት 15 ደቂቃ፣ ምልከታው፣ ከዚያም በማግሥቱ 30 ደቂቃ ለግብረ መልስ። ሦስተኛው «በኋላ እንነጋገራለን» ተብሎ የተተወ እንደሆነ ሰሚስተሩ ሳይደረግ ያልቃል።

ለሙያ ድጋፍ የተደረገውን ምልከታና ለደረጃ ዕድገት የሚውለውን የሥራ አፈጻጸም ምዘናም በአንድ ፋይል አያስቀምጡ። የትኛው ምልከታ ለየትኛው እንደሚውል መምህሩ ከመጀመሪያው ማወቅ አለበት።

የአንዱን መምህር ውጤት ሌላው አይቶታል

ገጽ መደበቅ መቆለፍ አይደለም። በጎግል ሺትስ የተደበቀን ገጽ የማረም ፈቃድ ያለው ማንኛውም ሰው መልሶ ሊያወጣው ይችላል። ለእያንዳንዱ መምህር የራሱን ፋይል ይክፈቱ፤ ማጠቃለያው ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ይቆይ። በካላንደሩም ላይ የግምገማ ውይይቶችን የግል አድርገው ይያዙ፤ የሥራ ባልደረቦች «ሥራ ላይ» የሚለውን ማየታቸው ይበቃል። ውጤት በመምህራን የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ፈጽሞ አይለጠፍ።

ክፍል ውስጥ ኢንተርኔት ጠፋ

ጎግል ፎርምስ ያለ ኢንተርኔት ቅጽ አይልክም። ጎግል ሺትስ ግን ስልክ ላይ ፋይሉ አስቀድሞ ከኢንተርኔት ውጭ እንዲሠራ ከተፈቀደ ይጻፍበታል፤ ኔትወርኩ ሲመለስም ራሱ ይልካል። ይህን ቢሮ ሳሉ፣ ኢንተርኔት ባለበት ያዘጋጁ። ወረቀት ከተጠቀሙም በዚያው ዕለት ወደ ሠንጠረዡ ይገልብጡት።

«እኔ የተስማማሁት በዚህ ነጥብ አይደለም»

ከውይይቱ በኋላ ሣጥኑ ተነክቷል፤ አውቆ ይሁን በስሕተት በመጀመሪያ አይታወቅም። በፋይሉ የለውጥ ታሪክ ውስጥ ማን መቼ ምን እንደቀየረ ስለሚታይ፣ ማንንም ከመጠርጠርዎ በፊት ከመምህሩ ጋር አብረው ይክፈቱት። ለወደፊቱ ውይይቱ እንዳለቀ ቅጹን ወደ ፒዲኤፍ ቀይረው ለሁለታችሁም አንድ አንድ ቅጂ ያስቀምጡ፤ መምህሩ ካልተስማማ ሐሳቡን የሚጽፍበት ቦታ በቅጹ ላይ ይኑር። ፋይሉ ከዚያ በኋላ የሚታረመው በሁለታችሁ ስምምነት ብቻ ይሁን፤ ቅሬታው ወደ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ከሄደም የሚቀርበው ማስረጃ ይኸው ፒዲኤፍ ነው።