ሴራሚኩ ከመምጣቱ በፊት፦ የወጥ ቤት ግድግዳ አዘገጃጀት

ከምድጃና ከእቃ ማጠቢያ ጀርባ የተለጠፈ ሴራሚክ በዓመቱ ሲረግፍ ወቀሳው ማጣበቂያው ላይ ያርፋል። የወደቀውን አንስተው ጀርባውን ቢያዩት ግን ብዙ ጊዜ ቀለም ወይም ነጭ ጀሶ ገሽልጦ ነው የመጣው። ማጣበቂያው ሥራውን ሠርቷል፤ የለቀቀው ከሥሩ ያለው ነው። ሴራሚክ የሚይዘው ብሎኬቱን ሳይሆን ከላይ ያለውን ስስ ሽፋን ነው።

ስለዚህ ግድግዳው በምን እንደተለሰነ አስቀድመው ይወቁ። አንድ ጥግ በምስማር ፋቅ ያድርጉ፤ ግራጫና ጠንካራ ከሆነ የሲሚንቶ ልስን ነው፣ ለስላሳ ነጭ ዱቄት ከወጣ ጀሶ ነው። ከዚያ በመዶሻ እጀታ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ያንኳኩ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ልስን ከብሎኬቱ ለቋል፤ በእርሳስ ከበው ጠንካራው እስኪገኝ ድረስ በመሮ ያንሱት። ሶኬት አጠገብ መሮ ከማሳረፍዎ በፊት ብሬከሩን ያጥፉ።

ቀጥሎ ዘይቱ። ወጥ ሲቁላላ የሚፈናጠረው ዘይትና ጭስ ግድግዳው ላይ ለዓይን የማይታይ ሽፋን ይሠራል። ሙቅ ውሃና የልብስ ሳሙና ዱቄት ይዘው ከታች ወደ ላይ ይሹት፣ በንጹሕ ውሃ ሁለቴ ያለቅልቁ። ይህ ከመፋቁ በፊት ይሁን፤ ዘይት ያለበትን ግድግዳ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ዘይቱን ወደ ልስኑ ማስገባት ነው።

የቀለሙን ጥንካሬ ለመፈተን በሹል ቢላ 2 ሚሊ ሜትር እየተራራቁ የሚጠላለፉ ስድስት ስድስት መስመሮች ይጫሩ፤ ጠንካራ ፕላስተር ለጥፈው በአንዴ ይንቀሉ። ቀለሙ አብሮ ከተነሣ ወሬ የለም፣ ሁሉም ይፋቅ። ባይነሣም የሚያብለጨልጭ የዘይት ቀለም ላይ መለጠፍ አያዋጣም። ብዙ ሠራተኛ ግድግዳውን ነቀስ ነቀስ አድርጎ ያልፋል፤ በነቁጦቹ መካከል የቀረው ቀለም ግን ሴራሚኩን እንደያዘ ይላጣል። የ3 ሜትር ጠረጴዛ ጀርባ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢኖረው፣ 1.8 ካሬ ሜትር ብቻ ነው፤ ሙልጭ አድርጎ መፋቁ ይሻላል። የቆየ የዘይት ቀለም ሊድ የተባለ መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችል ግድግዳውን እያረጠቡ ይፋቁ፣ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፣ ልጆችን ያርቁ።

ጀሶ የራሱ ጣጣ አለው። የሲሚንቶ ማጣበቂያ በእርጥበት ጊዜ ከጀሶ ጋር ሲገናኝ መርፌ መሰል ክሪስታል ይፈጠርና መጋጠሚያውን ገፍቶ ያስለቅቃል። ጀሶው በሲሚንቶ ልስን ላይ የተቀባ ስስ ሽፋን ከሆነ ፍቀው ይጣሉት። ወፍራም ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ ለጀሶ የሚሆን የሴራሚክ ፕራይመር (ከማጣበቂያው በፊት የሚቀባ ፈሳሽ) ይቀባ፤ ጀሶው የሚሸከመው ማጣበቂያውን ጨምሮ በካሬ ሜትር 20 ኪሎ ገደማ ነው። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፖርሴሊን (ጠጣርና ከባድ የሴራሚክ ዓይነት) ብቻውን ከዚያ ያልፋል። በፕራይመር ፋንታ የእንጨት ኮላ በውሃ አቅጥኖ መቀባት ስሕተት ነው፤ ኮላው እርጥበት ሲያገኝ ተመልሶ ይለሰልሳል።

አሁን ቀጥነቱ። 2 ሜትር ቀጥ ያለ አሉሚኒየም በቁም፣ በአግድምና በሰያፍ ያስደግፉ፤ ከሥሩ ያለው ክፍተት ከ3 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ጎድጓዳውን በማጣበቂያ ለመሙላት አይሞክሩ፤ ወፍራም ማጣበቂያ ሲደርቅ ይኮማተርና ሴራሚኩን ይስባል። ከቀለም በፊት ግድግዳ የሚለሰልስበት ስቱኮም አይሆንም። 1 እጅ ሲሚንቶ ከ4 እጅ ታጥቦ ከተነፋ አሸዋ ጋር ቀላቅለው፣ አካባቢውን አርጥበው፣ በአንድ ጊዜ ከ1.5 ሳንቲ ሜትር ሳያሳልፉ ይለስኑ። ሦስት ቀን ውሃ ያጠጡት፣ ከዚያ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይድረቅ። በክረምት ተጨማሪ ቀን ይስጡት።

ቧንቧና የመብራት መስመር የተቀበረበት ቦይ ሲደፈን ወዲያና ወዲህ 10 ሳንቲ ሜትር የሚያልፍ የፋይበር መረብ ይጨመርበት፤ ካለበለዚያ ስንጥቁ ሴራሚኩ ላይ ይወጣል። 8 ሚሊ ሜትር ሴራሚክና 3 ሚሊ ሜትር ማጣበቂያ ሲደመሩ የሶኬቱ ሳጥን 11 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይቀራል፤ ረዘም ያለ ብሎን አስቀድመው ይግዙ።

የጠረጴዛውን ልክ ሳይለኩ የመጀመሪያውን መስመር በእሱ ላይ አያስቀምጡ። በውሃ ልክ አይተው ከተዛባ፣ ቀጥ ያለ ጣውላ በልኩ ግድግዳው ላይ ይምቱና ከዚያ ይጀመር። በጠረጴዛውና በሴራሚኩ መካከል 3 ሚሊ ሜትር ለሲሊኮን ይተው።

በመጨረሻ አቧራውን በእርጥብ ስፖንጅ ጠርገው ሲደርቅ ውሃ ጠብ ያድርጉበት። ጠብታው ተንከባሎ ከቆመ ዘይት ወይም ቀለም ቀርቷል፣ ወደ ሳሙናው ይመለሱ። ወዲያው ከተመጠጠ ግድግዳው ተጠምቷል፤ የማጣበቂያውን ውሃ ቀድሞ ይጠጣበታልና ፕራይመር ይቀቡት። በማጣበቂያ ፋንታ በተራ ሲሚንቶ የሚለጥፉ ከሆነ ግን ግድግዳውን ያርጥቡ፣ ሴራሚኩንም ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉ፤ በከረጢት ተዘጋጅቶ በሚሸጠው ማጣበቂያ ሲለጠፍ ግን ሴራሚክ አይዘፈዘፍም።