ጎረቤታችሁ የሚገባውን ቤኔፊት (የመንግሥት ድጎማ) እንዲያገኝ እንዴት ትረዱታላችሁ?

ለንደን ውስጥ በካውንስል (የአካባቢው መስተዳድር) ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት አንድ ፌስታል ሙሉ ቡናማ ፖስታ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፉልኝ። አንዱም አልተከፈተም። «ልጄ፣ ይሄን ሳይ ልቤ ይመታል» አሉኝ። ከመሃሉ ፔንሽን ክሬዲት፣ ማለትም ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ጡረተኛ የሚሰጠው ድጎማ፣ ሊገባቸው እንደሚችል የሚናገር ደብዳቤ ወጣ። ከመጣ ሰባት ወር ሆኖታል። ወደ ኋላ ተቆጥሮ የሚከፈለው ቢበዛ የ3 ወር ነው። የቀረው ቀለጠ።

እንግሊዝ ውስጥ በካውንስል ወይም በሃውዚንግ አሶሲዬሽን (ለትርፍ ያልቆመ አከራይ ድርጅት) ቤት እንዲህ ያለ ሰው ሞልቷል። እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ ወይም ጎረቤት አንድ ከሰዓት ቢሰጥ ብዙ ነገር ይለወጣል።

መጀመሪያ ፖስታዎቹን አብራችሁ ክፈቱ

በቀን ደርድሯቸው። ከዚያ የኪራይ ደብዳቤ፣ የካውንስል ታክስ ቢል፣ የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥርና የባንክ ስቴትመንት ፈልጉ። የኪራይ ደብዳቤው ላይ ሰርቪስ ቻርጅ (ከኪራዩ ጋር የሚጠየቅ የአገልግሎት ክፍያ) ለብቻው ከተጻፈ በደንብ እዩት፤ ማሞቂያና ውሃን የመሰለው ክፍያ በቤኔፊት አይሸፈንም።

የመኖሪያ ፈቃዱንም ሳትዘሉ ተመልከቱ። የመንግሥት ድጎማ እንዳይጠቀም ገደብ ያለበት ሰው፣ ለምሳሌ በቅርቡ የመጣ ባል ወይም ሚስት፣ ቤት ውስጥ ካለ ምንም ከማመልከታችሁ በፊት ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን አማካሪ ጠይቁ። እዚህ ላይ በግምት መሄድ ሰውን ቪዛውን ሊያሳጣው ይችላል።

ዕድሜ በሩን ይወስነዋል

የጡረታ ዕድሜ 66 ነበር፤ ከ2026 እስከ 2028 ቀስ በቀስ ወደ 67 ይወጣል። ለዚያ ያልደረሰ ሰው የሚያመለክተው ዩኒቨርሳል ክሬዲት ለሚባለው የኑሮና የኪራይ ድጎማ ነው። ከባልና ሚስት አንዱ ካልደረሰም በአብዛኛው እንደዚያው ነው። ቁጠባው ከ16,000 ፓውንድ በላይ ከሆነ አይሰጠውም። ማመልከቻው ኦንላይን ነው፤ የመጀመሪያው ክፍያ አምስት ሳምንት ያህል ይወስዳል። በመሃል የሚሰጠው አድቫንስ (ቅድሚያ ክፍያ) ብድር ነው፣ በየወሩ ይቆረጣል፤ ይህን አስቀድማችሁ ንገሩ።

ለጡረታ ያልደረሰና ትርፍ መኝታ ቤት ያለው ተከራይ የኪራይ ድጋፉ ይቀነስበታል። ለአንድ ክፍል 14፣ ለሁለትና ከዚያ በላይ 25 በመቶ ነው። ማታ የሚያድር ተንከባካቢ ካለው ግን ክፍሉ እንደ ትርፍ ላይቆጠር ስለሚችል አሳውቁ።

ጡረታ የደረሱት ፔንሽን ክሬዲት ይጠይቃሉ። በ2025/26 ብቻውን የሚኖርን ሰው ገቢ በሳምንት እስከ 227.10 ፓውንድ ያሟላ ነበር። «ትንሽ ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ፣ አይሰጡኝም» ብለው የሚቀሩ አሉ። እዚህ የ16,000 ጣሪያ የለም፤ እስከ 10,000 ያለውን አይነኩም። በስልክም ማመልከት ይቻላል፤ አስተርጓሚ ጠይቁ። የሚደርሳቸው ጥቂት ፓውንድ ቢሆን እንኳ ተዉት አትበሉ። ለኪራይና ለካውንስል ታክስ ድጋፍ በር ይከፍታል፣ 75 ዓመት ከሞላቸው ደግሞ የቲቪ ላይሰንስ ነፃ ይሆናል።

የካውንስል ታክስ ቅናሽ ግን በራሱ አይመጣም። ለካውንስሉ ለብቻው ይጠየቃል። ብቻውን የሚኖር ሰው ገቢው ምንም ይሁን ምን 25 በመቶ ይቀነስለታል።

«ደህና ነኝ» የሚለውን ፎርም ላይ አትጻፉት

የኛ ሰው ብዙ የሚያጣው እዚህ ጋ ነው። አቴንዳንስ አላዋንስ የሚባለው ጡረታ ደርሶ ሕመም ወይም የአካል ጉዳት ላለበት ሰው ነው። ገቢም ቁጠባም አያይም። አስታማሚ መኖሩም ግድ አይደለም። በአብዛኛው ችግሩ 6 ወር የቆየ መሆን አለበት። በ2025/26 በሳምንት 73.90 ወይም 110.40 ፓውንድ ነበር።

ፎርሙ ረጅም ነው። እኚያን እናት «ይቸገራሉ?» ስላቸው «ተመስገን፣ ምን እሆናለሁ» አሉ። ይህን ብጽፍ ወዲያው ውድቅ ይሆን ነበር። ስለዚህ ጥያቄውን ለወጥኩት።

«ቡና ያፈላሉ?»

«እንዴታ!»

«ጀበናውን ማን ያነሳዋል?»

ዝም አሉ። «ልጅቷ ስትመጣ ነው የሚፈላው» አሉ ቀስ ብለው።

ቡናው ራሱ ለፎርሙ አይቆጠርም፤ ምግብ ማብሰልና ቤት ማጽዳትም እንዲሁ። ወሬውን ግን ከፈተልን። ገንዳ ውስጥ ብቻቸውን ከገቡ ወር አልፏቸዋል፣ መውደቅ ይፈራሉ። ቀሚስ በጭንቅላት ማጥለቅ ስለማይችሉ ከፊት የሚቆለፍ ብቻ ይለብሳሉ። ሌሊት ሁለቴ ሦስቴ ሽንት ቤት ሲሄዱ ግድግዳ ይዘው ነው። የሚጻፈው ይህ ነው፦ ምን፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል፣ ወድቀው ያውቃሉ ወይ። መጥፎውን ቀን ጻፉ። ሳትጨምሩ፣ ሳትቀንሱ።

ከጡረታ ዕድሜ በታች ላሉት ተመሳሳዩ ድጎማ ፒፕ (PIP) ነው። እሱም በዚሁ መንገድ ይሞላል፤ እዚያ ግን ምግብ ማብሰልም ይቆጠራል።

የሰውን የይለፍ ቃል አትያዙ። ራሳቸው ይግቡ፣ እናንተ አጠገባቸው ተቀመጡ። ከላካችሁት ሁሉ ኮፒ አስቀሩ።

እምቢ ቢሉስ?

ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ጠይቁ። አሁንም እምቢ ካሉ ወደ ትሪቡናል (ይግባኝ የሚሰማ ገለልተኛ ችሎት) ይኬዳል፤ እሱም የአንድ ወር ገደብ አለው፣ ክፍያ የለውም። ለዚህ ብቻችሁን አትልፉ። ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባለው የምክር ድርጅት በነፃ ይረዳል። ብዙ ሃውዚንግ አሶሲዬሽኖችም የቤኔፊት አማካሪ ስላላቸው የቤቱን ቢሮ ጠይቁ።

አንድ ቀን ደግሞ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። በአብዛኛው ኪራይ በየሚያዝያው (ኤፕሪል) ይጨምራል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚወስድ ተከራይ አዲሱን ኪራይ አካውንቱ ውስጥ ገብቶ ራሱ ማረጋገጥ አለበት። ካላረጋገጠ ድጋፉ በአሮጌው ኪራይ ይቀጥልና ልዩነቱ ዕዳ ይሆንበታል። ሚያዝያ ሲገባ በራቸውን አንኳኩ።