በአሜሪካ የካንሰር ሕክምና ሂሳብ ሲመጣ፦ ከመክፈልዎ በፊት

በአሜሪካ የካንሰር ሕክምና ለጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚደርሰው ፖስታ ብዛት ያስደነግጣል፤ አንዱ ከሆስፒታሉ፣ አንዱ ከላቦራቶሪው፣ ሌላው የሲቲ ስካኑን ካነበበው ሐኪም ይመጣል። ዕዳን እንደ ነውር ስለምንቆጥር ብዙዎቻችን ወዲያው ክሬዲት ካርድ እንመዛለን፤ ወይም እቁባችንን ቀድመን አውጥተን እንከፍላለን። እባክዎ ይህን አያድርጉ። የሆስፒታል ዕዳ ሊቀነስ ወይም ሊሰረዝ ይችላል፤ ክሬዲት ካርድ ላይ ሲያርፍ ግን የባንክ ዕዳ ሆኖ ወለድ ይቆጥራል።

በመጀመሪያ ወረቀቶቹን ይለዩ። ከኢንሹራንስ የመጣና «ይህ የክፍያ መጠየቂያ አይደለም» የሚል ጽሑፍ ያለበት ወረቀት መግለጫ ብቻ ስለሆነ አይከፈልበትም። ከሆስፒታሉ ደግሞ እያንዳንዱን አገልግሎት የሚዘረዝር ሂሳብ ይጠይቁና ኬሞ ከወሰዱባቸው ቀናት ጋር ያመሳክሩ፤ አንድ መድኃኒት በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ከተጻፈ ምክንያቱን ይጠይቁ።

ቀጥሎ የሚመጣው ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የጤና ሕግ መሠረት አቅም ለሌላቸው ታካሚዎች በጽሑፍ የሰፈረ የገንዘብ እርዳታ መመሪያ እንዲኖራቸው ይገደዳሉ። ስለዚህ የሂሳብ ክፍሉን ወይም ሶሻል ወርከሩን «የፋይናንሻል አሲስታንስ ፎርም ስጡኝ» ይበሉ። ከሕክምናው በኋላ የመጀመሪያው ሂሳብ ከተላከልዎ ቀን ጀምሮ ለማመልከት ቢያንስ 240 ቀናት አለዎት፤ በመጀመሪያዎቹ 120 ቀናት ደግሞ ሆስፒታሉ ስለዚያ ዕዳ ሊከስዎ አይችልም። ኢንሹራንስ አለኝ ብለው አይተዉት፤ ብዙ ሆስፒታሎች ኢንሹራንሱ ያልሸፈነውንም ይመለከታሉ። ከፍለው ከሆነም ያመልክቱ፤ በጊዜው አመልክተው ብቁ ከሆኑ ከሚገባው በላይ የከፈሉት ይመለስልዎታል። ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዱ ከሆነ ከጠቅላላ ገቢዎ ላይ ነዳጅና ጥገና ተቀንሶ የቀረውን የሚያሳየውን የታክስ ወረቀት ያያይዙ፤ እውነተኛው ገቢዎ እሱ ነውና። መመሪያው የትኞቹን ሐኪሞች እንደሚያካትትም ዝርዝሩን ይዩ፤ ለብቻቸው የሚያስከፍሉ ሐኪሞች ከሱ ውጭ ሊሆኑ ይችላሉ።

ለዚህ ሁሉ ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ። የእናቱን የካንሰር ደረጃና የዕዳዋን መጠን መተርጎም ለአንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከባድ ሸክም ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ስላለበት፣ ቀጠሮ ሲይዙ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» ብለው ያስመዝግቡ።

ኢንሹራንሱ ሕክምናውን አልሸፍንም ካለ፣ በደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ምክንያት ለሐኪምዎ ያሳዩና ለዚያው ምክንያት መልስ የሚሰጥ ደብዳቤ ያጽፉ። በአብዛኞቹ የግል ኢንሹራንሶች ይግባኝ ለማለት 180 ቀናት ይሰጣሉ፤ እንደገና እምቢ ካሉ ከኩባንያው ውጭ ያለ ገለልተኛ አካል እንዲያየው በ4 ወራት ውስጥ መጠየቅ ይቻላል። ጉዳዩ አስቸኳይ ከሆነ ይህንኑ በግልጽ ያስጽፉ፤ ውሳኔው በ72 ሰዓታት ውስጥ መሰጠት አለበት።

ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ላላቸው ወላጆች፣ ከፋርማሲ የሚወሰዱ በፓርት ዲ (በሜዲኬር የመድኃኒት ሽፋን) የተሸፈኑ የካንሰር ክኒኖች ከኪስ የሚያስወጡት ከ2025 ጀምሮ ጣሪያ አለው፤ በ2025 በዓመት 2,000 ዶላር ነበር፣ በ2026 2,100 ሆኗል። በደም ሥር የሚሰጥ ኬሞ ግን በዚህ ጣሪያ ውስጥ አይገባም።

ስልክ በደወሉ ቁጥር ቀኑን፣ ያነጋገሩትን ሰው ስምና የተባለውን በአንድ ደብተር ይጻፉ፤ ያስገቡትንም ፎርም ኮፒ ከደብተሩ ጋር ያስቀምጡ።