ግዙፍ ብቸኛ ቁጥርን በወረቀትና በካልኩሌተር እንዴት እንመርምረው?

2^136279841 − 1። ይሄ ቁጥር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ጂምፕስ በተባለው የበጎ ፈቃደኞች ፕሮጀክት ሲገኝ፣ እስከዚያ ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች (ፕራይም፣ ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ እኩል የማይካፈሉ) ሁሉ ትልቁ ሆነ። 41,024,320 ዲጂት ስላለው ጽፎ መጨረስ አይታሰብም። ግን ሳይጻፍም ብዙ ነገር ይነግረናል።

መጀመሪያ የመጨረሻውን ዲጂት እንፈልግ። የ2 ኃይሎች ሁልጊዜ በ2፣ በ4፣ በ8፣ በ6 እያለቁ ይመላለሳሉ። አርቢው፣ ማለትም ከ2 ጋር ያለው 136279841፣ ለ4 ሲካፈል 1 ይተርፋል። ስለዚህ ኃይሉ በ2 ያልቃል፣ 1 ሲቀነስ ደግሞ ቁጥራችን በ1። አለቀ።

የዲጂቱን ብዛት ለማወቅ አርቢውን በ0.30102999566 አባዙት፣ ከነጥብ በኋላ ያለውን ጣሉና 1 ደምሩ። ደግሞ 0.30103 ብላችሁ እንዳታጠጋጉ! ለትንንሽ አርቢ ምንም አይልም፣ እዚህ ግን አንድ ዲጂት ይጨምርባችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ጨዋታ፦ ቁጥሩ ብቸኛ መሆኑ በምን ይታወቃል? አርቢው ራሱ ብቸኛ ካልሆነ አትድከሙ፣ ውጤቱም አይሆንም። ብቸኛ ቢሆንም ግን ዋስትና የለም፤ 2^11 − 1 = 2047 = 23 × 89 ነው።

አካፋይ ስትፈልጉ ሁሉንም አትሞክሩ። አርቢው ከ2 የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር ከሆነ፣ ማንኛውም ብቸኛ አካፋይ የአርቢው እጥፍ ብዜት ሲደመር 1 መሆን አለበት፤ ለ8 ሲካፈል ደግሞ 1 ወይም 7 መትረፍ አለበት። በ2^13 − 1 = 8191 እንየው። ስኩዌር ሩቱ 90.5 ገደማ ስለሆነ ከዚያ በላይ መሄድ አያስፈልግም። እጩዎቹ 27፣ 53 እና 79 ናቸው። 27 ለ8 ሲካፈል 3 ይተርፋል፣ 53 ደግሞ 5፣ ስለዚህ ሁለቱም ወደቁ። 8191ን ለ79 ስናካፍል 54 ይተርፋል። በቃ፣ በአንድ ማካፈል ብቸኛ መሆኑ ተረጋገጠ! እኔ ከሒሳብ ዘዴዎች ሁሉ እንደዚህ የሚያረካኝ ጥቂት ነው። የሒሳብ ሊቁ ኦይለርም በ1772 ስለ 2147483647፣ ማለትም ስለ 2^31 − 1፣ ያረጋገጠው እጩዎችን በዚሁ መንገድ እያጣራ ነው።

አርቢው ሚሊዮኖች ሲገባ ይሄም አያዋጣም። ያኔ የሉካስ–ሌመር ፈተና ይመጣል። ከ4 ጀምሩ፣ ቁጥሩን በራሱ አባዙ፣ 2 ቀንሱ፣ ለምትፈትኑት ቁጥር አካፍሉና ቀሪውን ብቻ ይዛችሁ ድገሙት። ዙሩ ከአርቢው በ2 ያነሰ ነው። መጨረሻ ላይ 0 ከመጣ ብቸኛ ነው፣ ካልመጣ አይደለም። ለ127፣ ማለትም ለ2^7 − 1፣ ጉዞው 4፣ 14፣ 67፣ 42፣ 111፣ 0 ነው። ቀሪውን በየዙሩ መውሰድ እንዳትረሱ፣ አለበለዚያ ቁጥሩ አብጦ ካልኩሌተሩን ያሸንፈዋል።

እጃችሁን በ2047 አፍታቱ። ከ9 ዙር በኋላ 1736 ላይ ከደረሳችሁ ስሌታችሁ ልክ ነው።